ቤት ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ባር፦ ከአምስቱ የትኛው ይሻላል?

ታሽጎ የሚሸጠው ፕሮቲን ባር ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ጀርባው ላይ የተዘረዘረው ግብዓትም ግማሹ ምን እንደሆነ አይታወቅም። በቤት ሲሠራ ግን ከኦቾሎኒ፣ ከቴምር፣ ከማር፣ ከአጃ፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የዘለለ ነገር አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው የአሠራሩ ብዛት ነው። አንዱ በፈላ ማር ይያያዛል፣ ሌላው በቴምር ይለወሳል፣ ሌላው ኦቨን ይገባል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን አሠራር ይሞክርና ሲፈራርስበት ወይም ጥርስ የሚሰብር ሲሆንበት ይተወዋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የምርጫው ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚያዝ ባር ፈልጎ ፍሪጅ የሚፈልገውን ሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ የምናነጻጽራቸው አምስት ናቸው። መጠናቸው ሁሉ ወደ 60 ግራም የተጠጋ ነው፤ ቁጥሮቹ ከግብዓቶቹ የተለመደ ይዘት የተሰሉ ስለሆኑ እንደ ዱቄቱ ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ከጣዕሙ በፊት ሒሳቡ

100 ግራም ኦቾሎኒ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ግን 49 ግራም ይደርሳል። ሰሊጥ 18 ፕሮቲንና 50 ስብ ነው። ደረቅ ሽምብራ 20 ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ አጃ 13 ገደማ ይይዛል። ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት 36፣ ስቡ ያልወጣለት 26፣ ስቡ ያልወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት ደግሞ 36 አካባቢ ነው። ቴምርና ማር በፕሮቲን በኩል ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚገቡት ሊያያይዙና ሊያጣፍጡ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው እያንዳንዱ ማንኪያ ማር የባሩን ፕሮቲን ይቀንሳል። በእኛ ሚዛን 60 ግራም ሆኖ 8 ግራም ፕሮቲን ያልሞላ ባር ጣፋጭ እንጂ ፕሮቲን ባር አይባልም።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በ150 ካሎሪ ገደማ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው እንቁላሉ ይበልጣል፣ ይረክሳልም። የባሩ ጥቅም መንገድ ላይ፣ ከስፖርት በኋላ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ ወይም በጾም ወቅት እንቁላልና ወተት በማይበላበት ጊዜ ነው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው። 10 ግራም ያለው አንድ ባር የዚያን አንድ አምስተኛ ይሸፍናል። ጠንከር ያለ ስፖርት አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ፍላጎቱ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ከፍ ይላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

| ዓይነት | ፕሮቲን | ስብ | ካሎሪ | ቆይታ |
|---|---|---|---|---|
| ቴምርና የወተት ዱቄት | 10 ግ | 9 ግ | 225 | ፍሪጅ 10 ቀን |
| የፈላ ማርና ኦቾሎኒ | 10 ግ | 20 ግ | 290 | ውጭ 3 ሳምንት |
| የጾም (ሽምብራና አኩሪ አተር) | 10 ግ | 11 ግ | 225 | ፍሪጅ 7 ቀን |
| ዌይ (ከወተት የወጣ የፕሮቲን ዱቄት) | 19 ግ | 9 ግ | 230 | ፍሪጅ 10 ቀን |
| የተጋገረ (አጃ፣ እንቁላል፣ ሙዝ) | 8 ግ | 7 ግ | 190 | ፍሪጅ 4 ቀን |

ሰንጠረዡን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ከዌዩ በቀር አራቱ በፕሮቲን ብዙም አይራራቁም። የሚለያቸው ስባቸውና ቆይታቸው ነው፤ ቆይታውን ደግሞ የሚወስነው ማያያዣው ነው። ስለዚህ «ፕሮቲኑን ከየት ላምጣ» ከማለት በፊት «በምን ላያይዘው» ማለት ይቀድማል።

ማያያዣው የሚያመጣው ልዩነት

ሻጋታም ባክቴሪያም የሚፈልጉት ውሃ ነው። ማር ውሃው ከመቶ 18 ገደማ ብቻ ስለሆነና ስኳሩ ውሃውን አጥብቆ ስለያዘው ብቻውን አይበላሽም። ሲፈላ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ይተናል፤ በፈላ ማር የተያያዘ ባር ውጭ ለሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ቴምር ከማር ትንሽ ይረጥባል፤ ለማላላት ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ሙዝ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ እንቁላልም እንደዚሁ።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። በሶን በንጥር ቅቤ ለውሶ ለረጅም መንገድ መያዝ የኦሮሞ እናቶች የቆየ ሙያ ነው፤ ጭኮ ሳይበላሽ የሚቆየው ቅቤው ሲነጠር ውሃው ስለተነነ ነው። በዚያው ጭኮ ላይ ወተት ጠብ ቢደረግበት በማግስቱ ይሸታል።

ቴምርና የወተት ዱቄት፦ ለጀማሪ የምንመርጠው

እሳት የሚፈልገው ለማመስና ለብ ለማድረግ ብቻ ነው፤ ቢሳሳቱም ይታረማል። ለ12 ባር የሚያስፈልገው፦

- ፍሬው የወጣለት ለስላሳ ቴምር 200 ግራም
- ምንም ያልተቀላቀለበት የኦቾሎኒ ቅቤ 150 ግራም
- ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት 150 ግራም
- ኦትስ የሚባለው የተዳመጠ አጃ 100 ግራም
- ሰሊጥ 40 ግራም
- ማር 30 ግራም (ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ)
- ሙቅ ውሃ 30 ሚሊ ሊትር፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ሚዛን ከሌለ በብርጭቆ መስፈር ይቻላል፤ ነገር ግን የወተት ዱቄት እንደ አሞላሉ በጣም ይለያያል። ርካሽ የኩሽና ሚዛን እዚህ ሥራ ላይ ከብሌንደር ይልቅ ይጠቅማል።

አጃው በደረቅ መጥበሻ ላይ ለዘብ ባለ እሳት 6 ወይም 7 ደቂቃ ይታመሳል፤ መዓዛው ሲመጣና ጫፉ ሲቀላ ይወጣል። ሰሊጡ ለብቻው ይታመሳል፤ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፣ መፈናጠር ሲጀምር ከእሳት መውረድ አለበት። ሁለቱን አብሮ ማመስ ሰሊጡን ያሳርራል፤ ያረረ ሰሊጥ ደግሞ ባሩን በሙሉ ያመረዋል። አጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹ ይፈጫል፣ ግማሹ እንዳለ ይቀመጣል። ሙሉ በሙሉ ከተፈጨ ባሩ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ጨርሶ ካልተፈጨ ደግሞ ይፈራርሳል።

ቴምሩ በሙቁ ውሃ 15 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ከነውሃው ይፈጫል ወይም በሹካ ይደቆሳል። የኦቾሎኒ ቅቤውና ማሩ ይጨመሩበትና ድስቱ በጣም ለዘብ ባለ እሳት ላይ እጅ በማያቃጥል ሙቀት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይላላና ዱቄቱን በቀላሉ ይቀበላል። ከእሳት ወርዶ ጨው፣ አጃና ሰሊጥ ይገባሉ። የወተት ዱቄቱ መጨረሻ ላይ በወንፊት እየተነፋ በሦስት ጊዜ ይጨመራል። አንድ ላይ ከተደፋ ይጓጉላል፤ የጓጎለውም በኋላ በማንኪያ አይሰበርም።

ልክ መሆኑ የሚታወቀው በእጅ ነው። ጥቂቱ በጭብጥ ሲጨመቅ ቅርጹን መያዝና መዳፍ ላይ ቀጭን የዘይት ወዝ መተው አለበት። የሚሰነጠቅ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወተት ዱቄት ይጨመራል። ከዚያ 20 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ተነጥፎ ይገለበጣል፣ በብርጭቆ ቂጥ እየተጫኑ በደንብ ይጠቀጠቃል። ቁመቱ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ በአንድ በኩል ለሁለት፣ በሌላው ለስድስት ይቆረጣል።

ስለ ወተት ዱቄቱ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ስቡ ያልወጣለት ነው። በእሱ ቢሠራ የአንዱ ባር ፕሮቲን ከ10 ወደ 8 ግራም ተኩል ይወርዳል፤ ጣዕሙ ግን ይሻላል። ማሸጊያው ላይ ስቡ ከመቶ 25 እና ከዚያ በላይ ከተጻፈ ያልወጣለት ነው። «ለሻይ» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት ግን የወተት ዱቄት አይደለም፤ አብዛኛው የአትክልት ስብና ስኳር ስለሆነ ፕሮቲን አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው አንድ ባር 6 ግራም ገደማ ላክቶስ የተባለ የወተት ስኳር አለው፤ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ያንን የሚችል ይችላል፤ የማይችል ወደ ጾሙ ባር ይለፍ።

አጃ ካልተገኘ በሶ ይተካዋል። በሶ ደቃቅ ስለሆነ ፈሳሽ በይበልጥ ይጠጣል፤ ከ100 ግራም ይልቅ 80 ግራም ይበቃል።

በገልፍ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ባር ከሁሉም በቀላሉ ይሠሩታል፤ ለስላሳ ቴምር እዚያ ሞልቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ቴምር በብዛት የሚታየው በረመዳን ሰሞን ነው። ደረቅ የሆነው ዓይነት ከተገኘ ውሃው ወደ 50 ሚሊ ሊትር ከፍ ብሎ መዘፍዘፊያው ግማሽ ሰዓት ይሁን። በረመዳን ከንጋት በፊት ለሚበላው ሱሁር ለሚፈልገው ሰውም ይሄኛው ይስማማል፤ አጃውና ስቡ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ።

የፈላ ማርና ኦቾሎኒ፦ ለመንገድ የሚሆነው

አሠራሩ አጭር ነው፣ ግብዓቱም ጥቂት ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ሁሉ ሲሠራ በቀላሉ የሚበላሸው ይህ ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የሁለት ደቂቃ እሳት ነው።

250 ግራም የተቆላና ገለባው የተበጠረ ኦቾሎኒ፣ 100 ግራም የታመሰ ሰሊጥ፣ 50 ግራም የታመሰ ተልባ፣ 50 ግራም የታመሰ አጃ፣ 150 ግራም ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። 10 ባር ይወጣዋል። የባቢሌ ኦቾሎኒና የሁመራ ሰሊጥ ላገኘ ሰው ሌላ ማጣፈጫ አያሻውም።

ኦቾሎኒው ግማሽ ለግማሽ መሰባበር አለበት፤ ሙሉ ፍሬ ከሆነ በመካከሉ ክፍተት ይበዛና ሲቆረጥ ይበታተናል። ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት ይበቃል። ከዚያ ደረቁ ግብዓት ሁሉ ተቀላቅሎ ሙቅ ቦታ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ኦቾሎኒ ላይ የተደፋ ማር ሳይዳረስ ይረጋል።

ማሩ ወፍራም ቂጥ ባለው ድስት በመካከለኛ እሳት ይፈላል። መጀመሪያ አረፋው ትልልቅና ፈጣን ነው፤ ውሃው ሲተን አረፋው እየደቀቀ፣ ቀለሙም እየጠቆረ ይሄዳል። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ በየ30 ሴኮንዱ ጠብታ ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ጠብታው ውሃው ውስጥ ከተበተነ ገና ነው። በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ኳስ ከሆነ ባሩ የሚለመጥና ጣት ላይ የሚጣበቅ ይሆናል። ኳሱ ጠንከር ብሎ ሲጫኑት ብቻ የሚጎደጉድ ከሆነ ልኩ ያ ነው። ውሃው ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ አልፎበታል፤ ባር ሳይሆን ከረሜላ ይወጣዋል።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የሚሰጡት 118 እስከ 120 ዲግሪ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ማሩም ያንኑ ውፍረት የሚደርሰው 8 ዲግሪ ያህል ቀድሞ፣ ማለትም ከ110 እስከ 112 ላይ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ 120 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ማሩን ከልክ በላይ አድርቆታል፤ «እንደተባለው አደረግሁ፣ ግን ደረቀብኝ» የሚባለው አብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ድሬዳዋ ላይ ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ዱባይ ላይ ጭራሽ የለም። የውሃው ጠብታ ግን የትም ይሠራል።

ልኩ ላይ ሲደርስ ወዲያው ደረቁ ይገባበታል፤ በፍጥነት ተማስሎ ዘይት በተቀባ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ ይዳመጣል። እጅ አይነካው፤ የፈላ ማር ከፈላ ውሃ የከፋ ቃጠሎ ያደርሳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ለብ ሲል ዘይት በተቀባ ቢላዋ ይቆረጣል። ጨርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢቆረጥ ይሰነጣጠቃል።

ማሩ ውሃ የበዛበት ወይም ስኳር የተቀላቀለበት ከሆነ ቶሎ አይደርስም፤ 10 ደቂቃ ፈልቶም ጠብታው ካልተሰበሰበ ጥፋቱ የማሩ ነው። የረጋ ነጭ ማር ግን እንከን የለበትም፤ ሲሞቅ ይቀልጣል።

ፕሮቲኑ ከቴምሩ ባር ጋር እኩል ሆኖ ስቡ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ሰንጠረዡ ያሳያል። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ይህን አይምረጥ። ተራራ ለሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ፣ ወይም አልወፍር ብሎ ለተቸገረ ግን ያ ሁሉ ካሎሪ ትርፍ ነው።

የጾም ባር፦ ሽምብራና አኩሪ አተር

በዐቢይ ጾምም ሆነ በሌላ ጊዜ ወተትና እንቁላል ለማይበላ ሰው የሚሆነው ይህ ነው። 150 ግራም የተቆላ ሽምብራ ዱቄት፣ 80 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት፣ 180 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 180 ግራም ቴምር፣ 40 ግራም ሰሊጥ ወይም ተልባ፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ጨው፣ ካለ ደግሞ ትንሽ ቀረፋና ኮረሪማ። 12 ባር ይወጣዋል። አለዋወሱና አጠቃጠቁ ከቴምሩ ባር አይለይም።

ልዩነቱ ዱቄቱ ላይ ነው። ጥሬ የሽምብራ ዱቄት በዚህ ባር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ሆድ ይነፋል፤ ያልበሰለ ዱቄት ላይ የሚኖር ባክቴሪያም እሳት ካላየ አይሞትም። ቀላሉ መንገድ ጨውና ቅመም ያልነካው የሽምብራ ቆሎ ገዝቶ መፍጨትና በወንፊት መንፋት ነው። ቤት ያለውን ሽሮ መጠቀም የሚያምረው ሰው ይኖራል፤ ነጭ ሽሮም ቢሆን ነጭ ሽንኩርትና ሌላ ቅመም አያጣም፣ ከቴምር ጋር አይስማማም።

አኩሪ አተር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው፤ ያንን የሚያጠፋው በቂ ሙቀት ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረው እየታሸ ገለባው ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል፣ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ወርቃማ እስኪሆን ተቆልቶ ይፈጫል። ያለ መቀቀል በቁሌት ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ ውጩ ሲያር ውስጡ ጥሬ የሚቀርበት ጊዜ ስለሚበዛ አንመክረውም። ይህ ሁሉ ከከበደ አኩሪ አተሩን ትቶ ሽምብራውን 230 ግራም ማድረግ ይቻላል፤ ፕሮቲኑ ወደ 8 ግራም ተኩል ይወርዳል።

ሰሊጡን ግን መተው አይገባም። ጥራጥሬ ሜታዮኒን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ሰሊጥ ደግሞ እሱ ሞልቶታል፤ በአንጻሩ ሰሊጥ የሚጎድለው ላይሲን የተባለው ሌላው ክፍል ሽምብራ ውስጥ አለ። አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

የሽምብራ ዱቄት ውሃ የሚጠጣው ቀስ እያለ ነው። ሲለወስ ልክ የመሰለው በማግስቱ ይደርቃል። ስለዚህ ሲሠራ ትንሽ ረጠብ ብሎ እንዲቀር ይተውና 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እንደገና ይፈተሽ፤ የሚጠቀጠቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዌይ የሚያስፈልገው ማን ነው?

በአንድ ባር ከ15 ግራም በላይ ፕሮቲን የሚፈልግ ሰው ብቻ። ከ60 ግራም ውስጥ ያንን ያህል በኦቾሎኒ፣ በጥራጥሬና በወተት ዱቄት ማግኘት ከባድ ነው። ለሌላው ሰው ዋጋውን የሚያካክስ ጥቅም አናይበትም።

180 ግራም የዌይ ዱቄት፣ 150 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 80 ግራም የታመሰና የተፈጨ አጃ፣ 130 ግራም ማር፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጨው። የኦቾሎኒ ቅቤውና ማሩ ለብ ተደርገው ከእሳት ይወርዳሉ፤ እጅ እስኪያስነካ ከቀዘቀዙ በኋላ ዌዩ ይገባል። ትኩስ ላይ ከገባ ፕሮቲኑ ይቋጠርና አሸዋ አሸዋ ይላል። ውሃው መጨረሻ ላይ በማንኪያ እየተቆጠረ ነው የሚጨመረው፤ አንዱ ዱቄት 20 ይበቃዋል፣ ሌላው 50 ይፈልጋል።

ሲገዛ ማሸጊያው ላይ በ100 ግራም ስንት ፕሮቲን እንዳለ ይታይ። 75 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። «ማስ ጌይነር» የሚባለው የክብደት መጨመሪያ ዱቄት አብዛኛው ስታርችና ስኳር ነው፤ በዚህ ባር ከገባ ዋጋ ከፍሎ በሶ መብላት ይሆናል። ዱቄቱ ካዜይን (ሌላው የወተት ፕሮቲን) ወይም ከአተር የወጣ ፕሮቲን ከሆነ ፈሳሹ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሁለቱም ከዌይ የበለጠ ውሃ ይጠጣሉ።

የዌይ ባር በቀናት ውስጥ መጠንከሩ ያለ ነገር ነው፤ ዱቄቱ ከማሩ ውሃ እየሳበ ስለሚቀጥል። ማሩን በደረቅ ስኳር የተካ ሰው በሦስተኛው ቀን መንከስ ያቅተዋል።

የተጋገረው

200 ግራም አጃ፣ 3 እንቁላል፣ ሁለት በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 120 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 60 ግራም ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ 60 ግራም ማር። ተደባልቆ በ170 ዲግሪ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል፣ ሲቀዘቅዝ ለ12 ይቆረጣል። ኦቨን ከሌለ ወፍራም መጥበሻ ተከድኖ በትንሽ እሳት 25 ደቂቃ ይሠራዋል፤ ዳሩ ሲለቅ በሳህን ተገልብጦ ሌላ 5 ደቂቃ ይቆያል። ለስላሳ ነው፣ ልጆች ይወዱታል፣ ለቁርስ ይሆናል። ሙዙና እንቁላሉ ስላሉበት ግን ለመንገድ አይሆንም። እንደ ባር ሳይሆን እንደ ኬክ ቢታይ ይሻላል። ዌይ ጨምሮ መጋገር የሚያስብ ሰው ከ30 ግራም አይለፍ፤ በእሳት ጎማ ይሆናል።

ሲበላሽ

የሚፈራርስ ባር መጀመሪያ የሚጠረጠረው አጠቃጠቁ ላይ ነው፤ ማያያዣ ከመጨመር በፊት ወደ ድስት መልሶ ለብ አድርጎ በኃይል መጠቅጠቅ ይሞከር። አሁንም ከፈረሰ የአጃው ወይም የኦቾሎኒው ፍሬ ገዝፏል ማለት ነው።

ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ የኦቾሎኒ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ሳይማሰል ገብቷል፣ ወይም ሲሞቅ እሳቱ በዝቶበታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወተት ወይም የሽምብራ ዱቄት ይመልሰዋል። የኦቾሎኒ ቅቤ በቤት ሲሠራ፣ ኦቾሎኒው በመጥበሻ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እየተማሰለ ተቆልቶ ለብ እያለ ይፈጫል። መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ ሊጥ፣ በመጨረሻ ፈሳሽ ይሆናል። ደካማ ብሌንደር በየደቂቃው ማረፍ አለበት፤ ዘይት መጨመር ግን አያስፈልግም። ከሱቅ የሚገዛው ስኳርና የፓልም ዘይት ካለበት ማሩ በ20 ግራም ይቀነስ።

የሚመር ባር ምክንያቱ ሦስት ነው፦ ያረረ ሰሊጥ፣ የቆየ ተልባ፣ ወይም የተበላሸ ኦቾሎኒ። የመጨረሻው ከጣዕም ያለፈ ጉዳይ ነው። የጨመደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ወይም የሚመር ፍሬ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ቁሌት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ኦቾሎኒ ከመቆላቱ በፊትም ከተቆላ በኋላም ይለቀማል። የተፈጨ ገዝቶ ከመምጣት ይልቅ ፍሬውን ዓይቶ መግዛት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ለማን አይሰጥም፣ የት ይቀመጣል

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ያለበት ባር አይሰጥም። ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ከሆነ ኦቾሎኒና ሰሊጥ የሚያስቆጣቸው ልጆች እንዳሉ ይታሰብ፤ አሜሪካና አውሮፓ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኦቾሎኒ አያስገቡም። በዚያ ጊዜ የኦቾሎኒ ቅቤው በታመሰና በተፈጨ የሱፍ ፍሬ ይተካል፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ይወርዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቴምሩም ማሩም ስኳር መሆናቸውን ቆጥሮ ይግባበት፤ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ደም ውስጥ ለውጥ አያመጣም።

እያንዳንዱ ባር ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። የቴምሩ፣ የጾሙና የዌዩ ባሮች ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ቀን ይችላሉ፤ ሙቀት በበዛበት አገር አንድ ቀን ይበቃቸዋል። ፍሪዘር ውስጥ ሦስቱም ሁለት ወር ይቆያሉ፣ ለመብላት ግማሽ ሰዓት ውጭ ማሳረፍ ነው። የፈላ ማሩ ባር ግን ፍሪጅ አይግባ፤ ሲወጣ ላብ ያወጣና ላዩ ይሟሟል፣ ከወረቀቱም አይላቀቅም።